የጄኔራሉ የመጨረሻ ዘመቻ

ሰው ስለ ራሱ ሕይወት መጻፍ ቀላል ይመስለዋል፡፡ የሚጽፈውን ያውቀዋላ! ማንን ይጠይቃል? ምን መዝገብ ያገላብጣል? እኔም ከአራት ዓመት በፊት እስክሪብቶዬን ያነሳሁት ይህንኑ አስቤ ነበር፡፡ ለካስ ከሁሉም የሚከብደው የሚያውቁትን መጻፍ ኖሯል፡፡

ደግነቱ ብቻዬን አልነበርኩም፡፡ በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንገናኝ፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ትዝታ የምንጽፍ ሰዎች አለን፡፡ ስንጀምር ሰባት ነበርን፡፡ አንዱ ልጆቹ ወዳሉበት አገር ሄደ፤ አንዷ በሞት ተለየችን፤ ዛሬ የቀረነው አምስት ነን፡፡ ጡረታ የወጣች ነርስ አለች፡፡ ዕድሜውን በአሰብና በጅቡቲ መንገድ ላይ የፈጀ የከባድ መኪና ሾፌር አለ፡፡ በልብስ ስፌት አራት ልጆች ያሳደገች እናት አለች፡፡ ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ ጋሼ አሉ፡፡ እኔ አለሁ፡፡ ሕጋችን የቡናው ሕግ ነው፡፡ በአቦሉ አንዱ ያነባል፣ ሌላው አፉን ዘግቶ ያዳምጣል፡፡ በቶናው አስተያየት ይሰጣል፡፡ በበረካው ደግሞ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ቃል ይገባል፡፡

በዚህ ሕግ አስራ አንድ ምዕራፍ ጻፍኩ፡፡ አስራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ፡፡ አስራ ሁለተኛው ምዕራፍ በ1970 ዓ.ም. ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰው የታላቅ ወንድሜ ታሪክ ነው፡፡ ያኔ እሱ 19 ዓመቱ፣ እኔ 12 ዓመቴ ነበር፡፡ ከስምንት ወር ትግል በኋላ ሦስት ገጽ ይዤ ሄድኩና አነበብኩ፡፡ አቦሉ አለቀ፣ ቶናው ተቀዳ፣ አስተያየት የሚሰጥ ጠፋ፡፡ በመጨረሻ ነርሷ የሰማችው ነገር የሆስፒታል መዝገብ እንደሚመስል ገለጸች፡፡ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፤ ሰው የለውም፡፡ ተቆጣሁ፡፡ መጻፉን ልተወው እንደሆነም ተናገርኩ፡፡

ጋሼ ምንም አላሉም፡፡ በረካው ሲቀዳ ግን የቤት ሥራ ሰጡኝ፡፡ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የራሴን ሳይሆን የአንድ ሌላ ሰው ሕይወት አንብቤ እንድመጣና እንድነግራቸው አዘዙ፡፡ ሰውየው ዩሊሰስ ግራንት ነው፡፡ እኔ ግራንትን የማውቀው በሃምሳ ዶላር ኖት ላይ ባለው ጺማም ምስሉ ብቻ ነበር፡፡ የአሜሪካ ጄኔራልና ፕሬዚዳንት ከኔ ሦስት ገጽ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም፡፡ ቢሆንም የአስተማሪ ትዕዛዝ ነውና አነበብኩ፡፡ ያነበብኩትን እነሆ ለእናንተም ላካፍላችሁ፡፡ ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

የቆዳ ፋቂው ልጅ

ግራንት የተወለደው በኤፕሪል 27 ቀን 1822 በኦሃዮ ግዛት፣ ፖይንት ፕሌዘንት በምትባል ትንሽ መንደር ነው፡፡ አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር፡፡ ልጁ ግን የአባቱን ሥራ ከልቡ ጠላ፡፡ የደም ሽታ ስለሚያስጠላው ሥጋ እንኳ ካላረረለት አይበላም ነበር፡፡ የሚወደው ፈረስ ነው፤ ማንም ያልገራውን ፈረስ እሱ ይገራዋል፡፡

ዌስት ፖይንት ወደሚባለው የጦር አካዳሚ የገባው አባቱ ስለፈለገ እንጂ እሱ ወታደር መሆን አምሮት አይደለም፡፡ ስሙም ቢሆን የተቀየረው ያኔ ነው፡፡ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሃይረም ዩሊሰስ ነበር፤ ለአካዳሚው የመረጠው የምክር ቤት አባል ግን በስህተት ዩሊሰስ ኤስ. ግራንት ብሎ አስመዘገበው፡፡ እሱም ስህተቱን ተቀብሎ ዕድሜውን ሙሉ ኖረበት፡፡ በ1843 ሲመረቅ ከ39 ተመራቂዎች 21ኛ ወጣ፡፡ ከዚያም በሜክሲኮ ጦርነት ተዋጋ፡፡ በ1848 ጁሊያ ዴንትን አገባ፡፡

ቀጥሎ የመጣው የውድቀት ዘመን ነው፡፡ ከሚስቱና ከልጆቹ ተለይቶ ሩቅ የምዕራብ ጠረፍ ላይ ተመደበ፡፡ ናፍቆቱ በረታ፤ መጠጥ አበዛ የሚል ወሬም ተከተለው፡፡ በ1854 ከሠራዊቱ ለቀቀ፡፡ ወደ ቤቱ ሲመለስ ኒውዮርክ ላይ ገንዘብ አልቆበት ተቸገረ፡፡ ከሆቴል ዕዳ ያወጣው ሳይመን በክነር የሚባል የአካዳሚ ጓደኛው ነበር፡፡ ይህን ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ በኋላ ይመለሳል፡፡

ግራንት በሴንት ሉዊስ አቅራቢያ በገዛ እጁ የእንጨት ቤት ሠርቶ ገበሬ ለመሆን ሞከረ፤ አልሆነለትም፡፡ ማገዶ ፈልጦ በከተማው መንገድ ላይ ሸጠ፡፡ በ1857 የገና ሰሞን የወርቅ ሰዓቱን በ22 ዶላር አስያዘ፡፡ በ1860 ሁሉ ነገር ሲያቅተው ኢሊኖይ ውስጥ ጋሊና በምትባል ከተማ የአባቱ የቆዳ ዕቃ መደብር ውስጥ ተቀጠረ፡፡ ከታናናሽ ወንድሞቹ ጋር፣ ሲሸሸው ወደኖረው ወደ ቆዳው ሽታ ተመለሰ ማለት ነው፡፡ ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር፡፡

ከማገዶ ሻጭነት ወደ ፕሬዚዳንትነት

በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ፡፡ ደቡቦቹ ባርነትን ይዘው ለመገንጠል ተነሱ፡፡ ዕድል የከዳው ግራንት በዚህ ጦርነት ውስጥ የራሱን ልክ አገኘ፡፡ በፌብሩዋሪ 1862 ፎርት ዶኔልሰን የሚባለውን ምሽግ ከቦ እጅ አሰጠ፡፡ ምሽጉን ያስረከበው የደቡብ ጄኔራል ማን ነበር? ያ የሆቴል ዕዳ የከፈለለት በክነር ነው! ግራንት ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ እጁን እንዲሰጥ አስገደደው፤ እጁን ከሰጠ በኋላ ግን ለብቻው ገለል አድርጎ የገንዘብ ቦርሳውን ዘረጋለት፡፡

ከዚህ ድል በኋላ ጋዜጦች ግራንት ሲጋራ በእጁ ይዞ እንደተዋጋ ጻፉ፡፡ ሕዝቡም በደስታ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ትልልቅ ሲጋራ በስጦታ ላከለት፡፡ ቀድሞ ብዙም ሲጋራ የማያጨሰው ሰው ከዚያ ወዲህ ከአፉ የማይለየው ሆነ፡፡ ስጦታውም መዘዙን ይዞ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመለሰ፡፡

በኤፕሪል 1862 ሻይሎ ላይ በሁለት ቀን ውጊያ ከሁለቱም ወገን ከ23 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ ወይም ደብዛው ጠፋ፡፡ በጁላይ 1863 ቪክስበርግ በግራንት እጅ ወደቀች፡፡ በዚያ ዘመቻ ላይ የመጀመሪያ ልጁ ፍሬድ በአስራ ሁለት አስራ ሦስት ዓመት ዕድሜው ከአባቱ ጋር ነበር፤ እግሩንም ቆስሏል፡፡ በኤፕሪል 9 ቀን 1865 አፖማቶክስ ላይ የደቡቡ የጦር አዛዥ ሮበርት ሊ ለግራንት እጁን ሰጠ፡፡ ሊ አሸብርቆ መጣ፤ አሸናፊው ግራንት ግን ጭቃ የነካው የተራ ወታደር ኮት ለብሶ ነበር፡፡ የተሸነፉት ወታደሮች ፈረሶቻቸውን ይዘው ለእርሻቸው እንዲደርሱ ፈቀደ፡፡ ለድሉ መድፍ መተኮስ የጀመሩትንም አስቆማቸው፡፡

ከ1869 እስከ 1877 ፕሬዚዳንት ሆነ፡፡ በእሱ ዘመን፣ በ1870፣ ጥቁር ወንዶች ድምፅ የመስጠት መብታቸውን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ አገኙ፡፡ ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን ሽብርተኛ ድርጅትም በሕግና በጦር አሳደደ፡፡ ሆኖም በዙሪያው የነበሩ ሰዎች በሙስና ተጨማለቁ፡፡ ግራንት ሌባ አልነበረም፤ ሰው አማኝ ነበር፡፡ ጠላትን እንጂ ወዳጅን መጠርጠር አይችልበትም፡፡

ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ዓለምን ሲዞር በጃንዋሪ 1878 ግብፅ ደርሶ ነበር፡፡ እዚያም በከዲቭ ኢስማኤል ሠራዊት ውስጥ ተቀጥረው የሚያገለግሉ አሜሪካውያን መኮንኖችን አገኘ፡፡ ከነሱ መካከል አንድ ክንዱን ሜክሲኮ ላይ ያጣው ዊልያም ሎሪንግ ይገኝበታል፡፡ ሎሪንግ በ1863 በቪክስበርግ ዘመቻ ለደቡብ ተሰልፎ ግራንትን የወጋ ሰው ነው፡፡ ከዚያም በ1876 ከግብፅ ጦር ጋር መጥቶ ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የሽንፈትን ጽዋ ቀምሷል፡፡ ይህን ሳነብ እንዴት ዓለም ጠባብ ናት አሰኝቶኛል፡፡

ሰማንያ ዶላር የቀረው ጄኔራል

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንምጣ፡፡ ግራንት ኒውዮርክ ላይ ተደላድሎ መኖር ሲጀምር ልጁ ባክ ከአንድ ፌርዲናንድ ዋርድ ከሚባል ወጣት ጋር በአክሲዮን ንግድ ተሻረከ፡፡ አባትየውም ያለውን ሁሉ አስገባ፡፡ ዋርድ ግን ከአንዱ ተበድሮ ለሌላው ትርፍ እያስመሰለ የሚከፍል አጭበርባሪ ነበር፡፡ በሜይ 1884 መጀመሪያ፣ በአንድ እሑድ፣ ዋርድ መጥቶ ለአንድ ቀን ብቻ 150 ሺህ ዶላር እንዲበደርለት ግራንትን ለመነው፡፡ ግራንት ወደ ባለጸጋው ዊልያም ቫንደርቢልት ቤት ሄዶ በክብሩ ዋስትና ተበደረ፡፡ ከሁለት ቀን በኋላ ድርጅቱ ወደቀ፡፡ በጄኔራሉ እጅ 80 ዶላር፣ በሚስቱ እጅ 130 ዶላር ብቻ ቀረ ይባላል፡፡

የቫንደርቢልትን ዕዳ ለመክፈል ቤቱን፣ ሰይፎቹን፣ ሜዳሊያዎቹንና መንግሥታት የሸለሙትን ስጦታ ሁሉ አስረከበ፡፡ በዚያን ጊዜ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚከፈል ጡረታ አልነበረም፤ ወታደራዊ ማዕረጉን ደግሞ ፕሬዚዳንት ሲሆን ለቆታል፡፡ አንድ የማያውቀው የኒውዮርክ ግዛት ሰው ስለ ጦርነቱ ውለታ ሲል ቼክ ላከለት፤ የሜክሲኮ አምባሳደር 1 ሺህ ዶላር አስቀምጦለት ሄደ፡፡ ያ ሁሉ ሠራዊት ያዘዘ ሰው በወዳጅ ቸርነት እህል ቀመሰ፡፡

በዚህ መሐል ሴንቸሪ የሚባለው መጽሔት ስለ ጦርነቱ እንዲጽፍ ጠየቀው፡፡ ለአንድ ጽሑፍ 500 ዶላር ይከፍላሉ፡፡ ግራንት ጸሐፊ አለመሆኑን እያወቀ ለእንጀራ ሲል ተስማማ፡፡ ስለ ሻይሎ ጽፎ ላከ፡፡ አዘጋጁ ሮበርት ጆንሰን ሲያነበው ልቡ ወደቀ፡፡ ጽሑፉ ደረቅ የጦር ሜዳ ሪፖርት ነበር፡፡ እዚህ ላይ ስደርስ ጋሼ ለምን ይህን ሰው እንደመረጡልኝ ገባኝና ብቻዬን ሳቅኩ፡፡

ጆንሰን ጽሑፉን አልጣለውም፤ ሰውየውንም አላስቀየመም፡፡ ወደ በጋ ቤቱ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠና ያን ቀን እንዲያጫውተው ብቻ ጠየቀው፡፡ ግራንት ጨዋታ ሲይዝ ሌላ ሰው ሆነ፡፡ ያየውን፣ የፈራውን፣ ያሰበውን አወራ፡፡ ጆንሰንም ወረቀቱ ላይ መስፈር ያለበት ይህ ለጓደኛ የሚነገረው ነገር እንደሆነ አስረዳው፡፡ ግራንት አልተኮራም፤ እንደገና ተቀምጦ ጻፈ፡፡ ዛሬ በመጽሐፉ ውስጥ የምናገኘው ያ የሻይሎ ሌሊት እንዲህ ነው፡- ጄኔራሉ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ በዝናብ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፡፡ በአቅራቢያው የእንጨት ቤት ነበረ፤ ነገር ግን ሐኪሞች የቁስለኞችን እጅና እግር የሚቆርጡበት ሆኗል፡፡ ያን ከማየት ዝናቡ ይሻለኛል ብሎ ወደ ዛፉ ተመለሰ፡፡ ይህ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ አይገኝም፡፡

በሽታውና መጽሐፉ

በዚያው በጋ፣ በ1884፣ ኮክ ሲበላ ጉሮሮው ላይ ኃይለኛ ሕመም ተሰማው፡፡ ቸል አለው፡፡ በኦክቶበር ወደ ሐኪም ሲሄድ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፡፡ የነዚያ አሥር ሺህ ሲጋራዎች ነገር ማለት ነው፡፡ ከዚህ በኋላ የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ጁሊያ በምን ትኖራለች? መልሱ መጽሐፉ ነው፡፡ መጽሐፉ ቶሎ ካላለቀ ግን ምንም የለም፡፡

ሴንቸሪዎች ከሽያጩ 10 በመቶ ሊከፍሉት ውል አዘጋጁ፡፡ ሊፈርም ሲል የድሮ ወዳጁ ማርክ ትዌይን ደረሰ፡፡ ትዌይን በጦርነቱ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ከደቡብ ሚሊሺያ ጋር ዞሮ የተወ ሰው ነው፡፡ አሁን የራሱ ማተሚያ ድርጅት አለው፡፡ የቀረበውን ውል ሲሰማ ለእንዲህ ያለ ሰው ስድብ መሆኑን ነገረውና ከተጣራ ትርፍ 70 በመቶ ሊሰጠው ቃል ገባ፡፡ ውሉ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1885 ተፈረመ፡፡

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፣ ከዚህ በኋላ ኒውዮርክ፣ 66ኛ ጎዳና ላይ ያለው ቤት የአንድ መጽሐፍ ማኅበር ሆነ፡፡ ፍሬድ፣ ያ ቪክስበርግ ላይ የቆሰለው ልጅ፣ አሁን ጎልማሳ ነው፤ ካርታና ሰነድ እያገላበጠ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሠራዊቱን ቁጥር ያጣራል፡፡ አዳም ባዶ የሚባል የቀድሞ የጦር ረዳቱ ያስተካክላል፡፡ ኖብል ዳውሰን የሚባል የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ግራንት ሲናገር ይጽፋል፡፡ ሃሪሰን ቴረል የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ አገልጋዩ ሌሊት አጠገቡ ሆኖ ያስታምመዋል፡፡ ዶክተር ዳግላስ ሕመሙን ለማስታገስ ጉሮሮውን ኮኬይን ይቀባለታል፡፡ ትዌይን የኅትመት ናሙናውን ያነባል፡፡

አንድ ቀን ግን ትዌይን ከቤተሰቡ አንድ ነገር ሰማ፡፡ ግራንት ስለ ጽሑፉ ምን እንደሚያስብ ትዌይን ምንም ስላላለው አዝኗል አሉት፡፡ ትዌይን ደነገጠ፡፡ ግራንትን የሚያህል ሰው የእሱን አስተያየት ይፈልጋል ብሎ ፈጽሞ አልጠረጠረም፡፡ ሄዶም መጽሐፉ ከጁሊየስ ቄሳር የጦር ማስታወሻ ጋር የሚመደብ እንደሆነ ነገረው፡፡ ግራንት በጣም ተደሰተ፡፡ ሠራዊት ያዘዘ፣ አገር የመራ ሰው እንኳ ጥሩ ነው የሚለው አንባቢ ይፈልጋል! ለቡድናችን ይህን ስነግራቸው ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ነቀነቀች፡፡

በማርች መጨረሻ ሊሞት ደረሰ፡፡ ጋዜጠኞች ደጁ ላይ ሠፈሩ፤ ቄስ ተጠርቶ አጠመቀው፡፡ ከዚያ እንደገና አንሰራራና እርሳሱን አነሳ፡፡ በዚያው ሰሞን፣ በማርች 4 ቀን፣ ምክር ቤቱ የጄኔራልነት ማዕረጉን ከነደመወዙ መልሶለት ነበር፡፡

በኤፕሪል መጨረሻ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ፡፡ አንድ ጋዜጣ መጽሐፉን የሚጽፈው ግራንት ሳይሆን ባዶ ነው ብሎ አወጣ፡፡ ባዶም በዚሁ ሰሞን ሥራው እስኪያልቅ በየወሩ 1 ሺህ ዶላርና ከትርፉ 10 በመቶ እንዲከፈለው ጠየቀ፡፡ በሽተኛው ግራንት መጽሐፉ የራሱ እንደሆነ፣ በራሱ ቃል ካልተጻፈም ቢቀር እንደሚመርጥ ገልጾ አሰናበተው፡፡ እርዳታ ሌላ፣ ባለቤትነት ሌላ መሆኑን ከዚህ ተማርኩ፡፡ ቡድን ያዳምጣል፣ ያርማል፣ ያበረታታል፤ እርሳሱን ግን አይቀማም፡፡

በረንዳው ላይ

በጁን 16 ቀን 1885 ከኒውዮርክ ሙቀት ሸሽቶ ሳራቶጋ አጠገብ ወዳለው ማክግሪጎር ተራራ ሄደ፡፡ አንድ ወዳጁ ጎጆ ቤት ለቀቀለት፡፡ ከተጋደመ ስለሚታፈን ሁለት የቆዳ ወንበር ገጥሞ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያድረው፡፡ ድምፁ ጠፋ፡፡ መናገር ሲያቅተው ለሐኪሙም ለልጆቹም በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ መግባባት ጀመረ፡፡ ቀን ቀን ሻሽ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ቆብ አድርጎ በረንዳው ላይ ይጽፋል፡፡ ሰዎች በሩቁ ባርኔጣቸውን እያነሱ ያልፋሉ፤ እሱም እጁን ያነሳላቸዋል፡፡

በጁላይ 10 ቀን አንድ እንግዳ ደረሰ፡፡ በክነር ነበር፡፡ የሆቴል ዕዳ የከፈለው፣ ዶኔልሰን ላይ እጁን የሰጠው በክነር! አንዱ እየተናገረ፣ ሌላው በወረቀት እየመለሰ ተጫወቱ፡፡ ግራንት መጽሐፉን ለአሜሪካ ወታደርና መርከበኛ ነው ያበረከተው፡፡ የሰሜን ወይም የደቡብ ብሎ አልለየም፡፡

በመጽሐፉ ውስጥ ያልጻፈው ብዙ ነው፡፡ ስለ ፕሬዚዳንትነቱ ዘመን የለም፡፡ ስለ መጠጡ የለም፡፡ ታሪኩን ጦርነቱ ሲያልቅ ይዘጋዋል፡፡ የጻፈውን ግን አልሸሸም፡፡ በ1864 ኮልድ ሃርበር ላይ ያዘዘው የመጨረሻ ማጥቃት በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮቹን ያለ ጥቅም እንዳስፈጀ፣ ዘወትርም እንደሚጸጽተው በግልጽ አስፍሯል፡፡ ወጣት ሆኖ የተዋጋበትን የሜክሲኮን ጦርነትም ግፍ የተሞላበት መሆኑን ጽፏል፡፡ ሞት ደጁ ላይ የቆመ ሰው ማንን ሊያታልል?

በጁላይ ሦስተኛ ሳምንት እርሳሱን አስቀመጠ፡፡ በጁላይ 23 ቀን 1885 ጠዋት ቤተሰቡ ከብቦት አረፈ፡፡ 63 ዓመቱ ነበር፡፡ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ፣ ያውም ውኃ መዋጥ እየተሳነው፣ ሁለት ቅጽ፣ ከ1,200 ገጽ በላይ ጽፎ ነበር፡፡ አስከሬኑን በኒውዮርክ ጎዳናዎች ከሸኙት መካከል የደቡብ ጄኔራሎች ነበሩ፤ አንዱ በክነር ነው፡፡

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ በዲሴምበር 1885 ወጣ፡፡ የቀድሞ ወታደሮች ቤት ለቤት እየዞሩ ሸጡት፡፡ ከ300 ሺህ በላይ ጥንድ ቅጾች ተሸጡ፡፡ በፌብሩዋሪ 1886 ትዌይን ለጁሊያ 200 ሺህ ዶላር ቼክ ሰጣት፡፡ በጠቅላላው ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ደረሳት፡፡ በመቶ ሠላሳ ዶላር የቀረችው ሴት ማለት ነው፡፡

አስራ ሁለተኛው ምዕራፍ

ይህን ሁሉ በአንድ አቦል ተረኩላቸው፡፡ ስጨርስ ጋሼ ስለ ግራንት አንድ ቃል አልተናገሩም፡፡ ወንድሜ ከቤት የወጣበትን ቀን፣ ወረቀቱን ትቼ፣ እንዲሁ እንዳጫውታቸው ብቻ ጠየቁኝ፡፡ ቶናው ቀዘቀዘ፡፡ አጫወትኳቸው፡፡ ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ እንደነበረ፣ ደጅ ቆሜ ኳሴን እንዲነፋልኝ እንደለመንኩት፣ ሲመለስ እንደሚነፋልኝ ቃል ገብቶልኝ እንደሄደ፤ እናቴ ያን ማታ በር ሳትቀረቅር እንዳደረች፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት እንዳልቀረቀረች፡፡ ሾፌሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፡፡ ነርሷ እኔ ስናገር በደብተሯ ላይ ስትጽፍ ቆይታ ገጹን ገንጥላ ሰጠችኝ፡፡ የኔው ቃል ነበር፤ አንድም አልጨመረችበት፡፡

ቤቴ ገብቼ ሌሊቱን ጻፍኩ፡፡ ሦስት ገጽ የነበረው አስራ ዘጠኝ ሆነ፡፡ ከአንድ ወር በኋላ በቡድኑ ፊት አነበብኩት፡፡ ሁለት ቀን አስተካከሉልኝ፣ አንድ የተድበሰበሰ ቦታ ላይም አፋጠጡኝ፡፡ የተድበሰበሰው ነገር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፡፡ ያን ዕለት ኳሱን ስላልነፋልኝ ተናድጄ ስሙን ጠርቶ ሲሰናበተኝ አልመለስኩለትም ነበር፡፡ ግራንት ኮልድ ሃርበርን መጻፍ ከቻለ እኔም ይህን መጻፍ አለብኝ አልኩ፡፡ ጻፍኩት፡፡

የቀረኝ አንድ አንባቢ ነበር፡፡ እናቴ 86 ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፡፡ ስለ ወንድሜ በቤታችን ተወርቶ አያውቅም፡፡ ባለፈው ወር አንድ እሑድ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምዕራፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት፡፡ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ፡፡ ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፡፡ ከዚያ አንድ እርማት ሰጠችኝ፡፡ ሹራቡ ሰማያዊ አልነበረም፤ ቡናማ ነው፡፡ ክሩን ራሷ መርካቶ ሄዳ ገዝታ፣ ራሷ ነበረች የሠራችው፡፡ አንገቱ ጋ ክሩ ስላነሳት ትንሽ ፈዘዝ ባለ ቡናማ እንደጨረሰችውም ነገረችኝ፡፡ ይህን ስትናገር ከአርባ ዓመት በላይ ያልሰማሁትን የወንድሜን ስም ጠራች፡፡

ሰማያዊውን ሰርዤ ቡናማ ብዬ አስተካከልኩ፡፡ ስለ አንገቱም ጨመርኩ፡፡ በሚቀጥለው ቅዳሜ ረቂቁን በሙሉ፣ 214 ገጽ፣ በክር አስጠርዤ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት፡፡ ጋሼ አንስተው በእጃቸው መዘኑት፤ አላነበቡትም፡፡ ልብስ ሰፊዋ በረካውን ቀዳች፡፡ ለሚቀጥለው ጊዜ ተራው የሾፌሩ ነው፤ እሱም ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሟል፡፡